የጆሮ ማዳመጫ እንዴት እንምረጥ?

በሬ ለመግዛት ገበያ ስንወጣ ቀንዱ ስላማረ ብቻ ገንዘባችንን አንቆጥርም። አፉን ከፍተን ጥርሱን እናያለን። ኮቴውን እንመረምራለን። ወዲያ ወዲህ አስሂደን አረማመዱን እናስተውላለን። ሱቅ ስንገባ ግን ይህን ጥንቃቄ እንረሳዋለን። ካርቶኑ ካብረቀረቀ ይበቃናል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው። ይኸውም የጆሮ ማዳመጫ ነው። በሱቅ "ሄድፎን" ወይም "ኤርፎን" ይሉታል።

"ማዳመጫ ለገበሬ ምን ያደርግለታል?" የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ቤታችን ገብቷል። በወላይታ የጊፋታ በዓል ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ይከበራል። ጭፈራው በስልክና በካሜራ ይቀረጻል። ሠርጉም እንደዚሁ ነው። ከተቀረጸ በኋላ ደግሞ ምስሉን የሚቆርጥ፣ የሚቀጥል፣ ድምፁን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። በሶዶም ሆነ በሌላ ከተማ ይህን ሥራ መተዳደሪያቸው ያደረጉ የገበሬ ልጆች አሉ። ልጅ "አባዬ፣ ለሥራዬ ማዳመጫ ግዛልኝ" ሲል ገንዘቡ የሚወጣው ከበጉ፣ ከቡናው ወይም ከቅቤው ሽያጭ ነው። ስለዚህ አባትም እናትም ምን እንደሚገዙ ማወቅ ይገባቸዋል።

ማዳመጫ እንዴት ይሠራል?

ከበሮ ሲመታ ቆዳው ይርገበገባል። ቆዳው አየሩን ይገፋል። አየሩ ጆሯችን ይደርሳል፤ እኛም እንሰማለን። ማዳመጫም ትንሽ ከበሮ ነው። በውስጡ ስስ ሽፋን አለ። በሽፋኑ ላይ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። አጠገቡ ማግኔት አለ። ከስልኩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ሲያልፍ ማግኔቱ ሽቦውን ይስበዋል፣ ይገፋዋል። ሽፋኑም አብሮ ይርገበገባል። ድምፅ የሚሆነው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ናታንኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በገዛ ቤቱ ማዕድ ቤት ማዳመጫ ሠርቶ ለአገሩ የባሕር ኃይል ልኮ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዕቃው ብዙ ተሻሻለ፤ ዋናው ሐሳብ ግን ያው ነው።

የሥራ ማዳመጫ ሚዛን ነው

ገበያ ላይ የሚያዳላ ሚዛን ምን እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱን ያከብዳል፣ ሌላውን ያቀላል። መጥፎ ማዳመጫም እንዲሁ ነው።

ብዙ ርካሽ ማዳመጫዎች ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለት የከበሮውን ድምፅ፣ ከልክ በላይ አጉልተው ያሰማሉ። ገዢው ሱቅ ውስጥ ሲሞክረው "አቤት፣ እንዴት ይደበድባል!" ይላል። ደስ ብሎትም ይገዛል። ሥራ ላይ ሲቀመጥ ግን ጉዱ ይወጣል። ከበሮው በጆሮው ስለጮኸ "በዝቷል" ብሎ ይቀንሰዋል። ቪዲዮው በባለ ሠርጉ ቤት ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ከበሮው የለም፤ ዘፈኑ ቅቤ እንዳልገባበት ቆጮ ይደርቃል። ባለ ሠርጉ ይቆጣል። ልጁም "እኔ በደንብ ሠርቻለሁ" ይላል። ልጁ አልዋሸም፤ የዋሸው ማዳመጫው ነው።

እንግዲህ ለሥራ የሚሆን ማዳመጫ ድምፅን የሚያጣፍጥ ሳይሆን ድምፅን እንዳለ የሚያሳይ ነው። ያላማረው ድምፅ ሳያምር መሰማት አለበት። አለዚያ እንዴት ይስተካከላል?

ስንገዛ ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ ለምን ሥራ ነው? ዜና ለመስማትና መንፈሳዊ መዝሙር ለማዳመጥ ከሆነ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ትንሹ ይበቃል። ለድምፅና ለቪዲዮ ሥራ ግን ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው፣ ጀርባውም የተዘጋው ይሻላል። የውጭው ጫጫታ አይገባም። በቀረጻ ጊዜም ከማዳመጫው የሚወጣው ድምፅ ወደ ማይክሮፎን አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ባለ ገመድ ነው ወይስ ገመድ አልባ? ገመድ አልባው ብሉቱዝ ለመንገድ ይመቻል። ነገር ግን ድምፁ ከምስሉ ጥቂት ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። መዘግየቱ የሰከንድ አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ ያህል ቢሆን ነው። ቢሆንም የዘፋኙን ከንፈር ከድምፁ ጋር ለማገጣጠም ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ባትሪውም መብራት በጠፋ ቀን ያልቃል። ለሥራ ባለ ገመዱ ይመረጣል፤ ብዙ ጊዜም በዋጋ ይረክሳል።

ሦስተኛ፣ ከስልኩ ጋር ይስማማል? በካርቶኑ ላይ "ኦም" ተብሎ የተጻፈ ቁጥር አለ። 32 ኦም አካባቢ የሆነው በስልክ ጉልበት ደህና ይሠራል። 250 ኦም የሆነው ግን ለብቻው ማጉያ ይፈልጋል፤ በስልክ ብቻ ድምፁ ይደክማል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ ክቡ የማዳመጫ ቀዳዳ የሌላቸው ብዙ ናቸው። መሰኪያው መግባቱን እዚያው እንሞክር።

አራተኛ፣ ሲሰበር ይጠገናል? በመጀመሪያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ገመዱ ነው፤ ከዚያም ጆሮ ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ። ገመዱ የሚነቀልና የሚተካ ከሆነ፣ ስፖንጁም ለብቻው ከተገኘ፣ ዕቃው ረጅም ዘመን ያገለግላል።

አምስተኛ፣ በስም አንታለል። ሶኒ ኤም ዲ አር 7506 የተባለው ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ1991 ወጥቶ እስከ ዛሬ በብዙ አገር የሬዲዮና የፊልም ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። ጥሩ መሣሪያ በየዓመቱ መልክ መለወጥ እንደማያስፈልገው ከዚህ እንማራለን። ይሁን እንጂ ስመ ጥር ዕቃ አስመሳዩም ብዙ ነው። የታወቀ ስም ተጽፎበት ዋጋው ከመጠን በላይ ከወረደ መጠርጠር ነው።

ሱቅ ውስጥ እንዴት እንፈትን?

ባለ ሱቁ የሚያሰማንን ዘፈን አንመን። በስልካችን የራሳችንን ቀረጻ ይዘን እንሂድ። የእናታችን ወይም የጎረቤታችን ንግግር ቢሆን ይሻላል፤ ያን ድምፅ ጆሯችን ያውቀዋል። ድምፁ የእሷን ይመስላል? ወይስ ከእንስራ ውስጥ የምትናገር ትመስላለች? ቀጥሎ ከበሮና ዘፈን ያለበትን እንክፈት። ቃሉ ከከበሮው በታች ተቀብሯል? ቀኝና ግራው እኩል ይሰማል? ገመዱን ከመሰኪያው አጠገብ ቀስ ብለን እናንቀሳቅሰው። ከተንኮሻኮሸ ይቅርብን። በመጨረሻም ሩብ ሰዓት ያህል አድርገን እንቆይ። ራስ የሚያጣብቅ ማዳመጫ ቀኑን ሙሉ አያሠራም። ዋጋውን ከሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቀን፣ ካልሠራ የሚመለስ መሆኑን ተስማምተን እንክፈል።

ጆሯችንን እንጠብቅ

ማዳመጫ ቢሰበር ይተካል፤ ጆሮ ግን አይተካም። በጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ ፀጉር መሳይ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። በኃይለኛ ድምፅ ከሞቱ እንደገና አይበቅሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊሰማ ይችላል። 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን ከ4 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ዴሲቤል መለኪያ በእጃችን ባይኖርም የስልኩን ድምፅ ከመቶ 60 በታች ማድረግ እንችላለን። ማዳመጫ አድርገን የሰማነው ለጎረቤት የሚሰማ ከሆነ በዝቷል። ከሥራ በኋላ ጆሯችን "ጭው" ካለ ማስጠንቀቂያ ነውና እንረፍ። በመንገድ ስንሄድም ሁለቱንም ጆሮ አንድፈን። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የሚመጣው ከኋላ ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ስለ አንድ ዕቃ ብቻ ብለን አይደለም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ወላይትኛም አንዱ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው የራሱን ቋንቋ በወረቀት ላይ ማንበብ ጀመረ። ዛሬ ደግሞ የሽማግሌው ምርቃት፣ የአያት ተረት፣ የጊፋታው ጭፈራ በድምፅ ይቀመጣል። ሽማግሌው ካለፉ ግን ድጋሚ አይቀረጹም። በቀረጻው ጊዜ በደህና ማዳመጫ ያዳመጠ ልጅ ነፋሱ ቃላቸውን መሸፈኑን ያኔውኑ ያውቃል፤ "አባባ፣ እባክዎ ይድገሙልኝ" ይላል። ያላዳመጠው ግን ቤቱ ገብቶ ያዝናል። ለማዳመጫው የሸጥነው በግ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ከበሮውን አጉልቶ የሚያሰማ ማዳመጫ ሠራተኛውን የሚያሳስተው እንዴት ነው?
2. ለቪዲዮ ሥራ ባለ ገመዱ ለምን ይመረጣል?
3. በቤታችሁ ድምፃቸው ሳይቀረጽ እንዳያልፍ የምትፈልጉት ሰው ማን ነው?