አዲስ ከተማ ገብቶ መልመድ
(ለማስተማር ልምምድ ለሚወጡ እጩ መምህራን የቀረበ ጥናታዊ ጽሑፍ)



«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላል። አባባሉ እውነት ነው። ጭንቁ የሚመጣው ግን የማያውቁት አገር ገብተው የሚያውቁት ሲናፍቅ ነው። የልምምድ ምደባው በሰሌዳ ከተለጠፈ ወዲህ በየመኝታ ክፍሉ የሚሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው። ሂርና የደረሰው «ማንን አውቄ?» ይላል፤ ገለምሶና በዴሳ የደረሰው «ቤት ኪራዩስ?» ይላል፤ ሚኤሶ የደረሰው ደግሞ ሙቀቱን ይፈራል። ከሁሉም በላይ የሚነሳው ግን የቋንቋ ጥያቄ ነው። እኛ ባለፈው ዓመት ተመድበን የተመለስን እጩ መምህራን ያየነውን ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል። ያጠፋነውንም አልደበቅንም።

ሀ. እንግድነት ምንድን ነው?

እንግድነት የኪሎ ሜትር ጉዳይ አይደለም። ከአዲስ አበባ እስከ ቺሮ ያለው መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአንድ ቀን ይደረሳል። ከቺሮ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ ለመውረድማ ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ነገር ግን ደጋው ቆላ ይሆናል፤ ሰላምታው ይለወጣል፤ የገበያው ቀን፣ የምሳው ሰዓት፣ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ሁሉ አዲስ ይሆናል። ትናንት ሁሉን የምናውቅ የነበርን ሰዎች ዛሬ ውሃ የት እንደሚቀዳ እንጠይቃለን። እንግድነት ማለት ይህ ነው፤ አዋቂ የነበረ ሰው እንደገና ጀማሪ መሆኑ ነው። ጀማሪ መሆን የሚያሳፍረው ሰው ደግሞ ቶሎ አይለምድም።

ለ. ከታሪክ ምን እንማራለን?

ይህች የምንኖርባት ከተማ እራሷ በአንድ የቀድሞ እንግዳ ተማሪ እጅ የተቆረቆረች መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1876 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ፣ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ፣ ለትምህርት ወደ ሩሲያ ተላኩ። እስቲ አስቡት፤ ዘመድ የለም፣ ቋንቋ የለም፣ ብርዱም እኛ የምናውቀው የቺሮ የማለዳ ብርድ አይደለም። ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ ቆይተው በፒተርስበርግ የመድፈኛነት ትምህርት ተምረው ተመለሱ። በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለውን «ፋቡላ»ን የደረሱ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተከራከሩ እኒሁ ሰው ናቸው። እንግዳ ሆነው የተማሩትን ቋንቋና ሙያ ይዘው መጥተው ሥራ ላይ አዋሉት።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ዘመናችን ቀረብ ይላል። ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ከተደረገው የሶማሊያ ጦርነት በኋላ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ወጣቶች ለትምህርት ወደ ኩባ ተልከዋል። ብዙዎቹ አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩ። «የወጣቶች ደሴት» በምትባለው ስፍራ በአዳሪ ትምህርት ቤቶች ተቀምጠው ስፓኒሽ ተማሩ። የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ደንብ ግማሹን ቀን ትምህርት፣ ግማሹን ቀን ደግሞ በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ላይ ሥራ ነበር። እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ቋንቋ የሚለመደው በመማሪያ ክፍል ብቻ አይደለም፤ አብሮ ሲሠራም ይለመዳል። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ለትካዜ ጊዜ የለውም፤ የሥራ ባልደረባውም ቶሎ ወዳጁ ይሆናል።

ሦስተኛው ምሳሌ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር ማስተማሪያው ቋንቋ አምስት ነበር፤ እየዋለ እያደረ 15 ደረሰ። በ1972 ዓ.ም.ም የዩኔስኮን ሽልማት አስገኝቷል። ለእኛ ለመምህራን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሰው ፊደል የሚገባው በሚገባው ቋንቋ ሲያስተምሩት ነው።

ሐ. የእኛ ስሕተት

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በዚያች አነስተኛ ከተማ የተመደብነው አራት ሆነን ነበር። አራታችንም ያደግነው በከተማ ነው፤ አፋችንን የፈታነውም በአማርኛ ነው። አንድ ክፍል ተከራየን። ጠዋት አብረን እንሄዳለን፣ ማታ አብረን እንመለሳለን፤ እርስ በርስ ብቻ እናወራለን። «ለሁለት ወር ምን ያስጨንቀናል!» ነበር ቃላችን። ውሎ ሲያድር ግን ናፍቆቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ከመካከላችን አንዱማ ሻንጣውን ሸክፎ «ነገ እመለሳለሁ» እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በአምስተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ጠየቅን። ተነሳ፣ አቀረቀረ፣ ዝም አለ። ደግመን ጠየቅነው፤ አሁንም ዝም። ንቀት መሰለንና ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ድረስ አቆምነው። በእረፍት ሰዓት አብሮት የሚቀመጠው ልጅ ቀስ ብሎ መጥቶ ነገሩን አስረዳን። ልጁ ከቆላ ቀበሌ መጥቶ አጎቱ ዘንድ ከተቀመጠ አንድ ወሩ ነው። አማርኛ በቅጡ የሰማው እዚህ ከመጣ ወዲህ ነው፤ ያውም እኛ በፍጥነት ስንናገር ምኑም አልገባውም።

ያን ቀን ምሳ አልበላንም። ለካ በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዶቹ እኛ ብቻ አልነበርንም! እኛ እንኳ አራት ነበርን፤ እሱ ግን ብቻውን ነበር። ባይተዋርነት ምን እንደሚመስል እያወቅን ባይተዋሩን ልጅ በሰው ፊት አቆምነው።

በማግስቱ ክፍል ስንገባ «አካም ቡልተን?» ብለን ሰላምታ ሰጠን። አነጋገራችን ሳያስቅ አልቀረም፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። «ትናንት ያጠፋነው እኛ ነን» ብለን በተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ጓደኛው ተረጎመለት። ከዚያ ስምምነት አደረግን። እሱ በቀን አምስት የኦሮምኛ ቃል ያስተምረናል፤ እኛም አምስት የአማርኛ ቃል እናስተምረዋለን። «ናፍ ሂን ገሌ» ማለት «አልገባኝም» መሆኑን ያስተማረን እሱ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈልገው ቃል ይኸው ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ያልገባው ልጅ ሁሉ ሳያፍር ይህችን ቃል ይል ጀመር፤ እኛም ስንናገር ዝግ ማለትን ለመድን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ከሁለት ወር በኋላ አንድ ደብተር በቃላት ሞላን። ልጁም በመጨረሻው ሳምንት ቆሞ አንድ አንቀጽ አነበበ። እየተንተባተበ ነው ያነበበው፤ ግን ቆሞ ነው። ሻንጣውን ሸክፎ የነበረው ጓደኛችንም ሳይመለስ ልምምዱን ፈጸመ።

መ. ለሚወጡ ጓደኞቻችን

ከላይ ከተመለከትነው በመነሳት የሚከተሉትን እናሳስባለን።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ቢያንስ ሰላምታን፣ ምስጋናን፣ ቁጥርንና «አልገባኝም» ማለትን በኦሮምኛ አጥኑ። «ገለቶማ» ያለ ሰው ገበያ ላይ ፊት አይነሳውም። በኦሮሚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በአፋን ኦሮሞ ነው። እኛ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ልናስተምር ስንሄድ የልጆቹን ቋንቋ አለማወቅ ዓይንን ጨፍኖ መንገድ እንደ መምራት ነው።

2. በደረሳችሁ ቀን ለርዕሰ መምህሩ፣ ለጥበቃውና ለጎረቤት እራሳችሁን አስተዋውቁ። እንግዳ መሆናችሁን አትደብቁ። ያላወቁትን ሰው ማንም አይረዳውም።

3. ከአገራችሁ ልጆች ጋር መኖሩ ጥሩ ነው፤ በእነሱ ብቻ መታጠር ግን ጉዳት አለው። በሳምንት አንድ ቀን ለየብቻ ገበያ ውጡ። እኛን ቲማቲም የሚሸጡልን እናት «እማማ» እያልን ስንጠራቸው ቁጥር ከአንድ እስከ መቶ አስቆጥረውናል፤ ስንሳሳት ደግሞ አንድ ቲማቲም ይቀንሱብን ነበር!

4. ሆጃ ሲቀርብላችሁ አመስግናችሁ ጠጡ። ከሰዓት በኋላ ጫት ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሰላምታ መስጠት ተገቢ ነው፤ አልቅምም ማለትም መብታችሁ ነው። በፈገግታ ከተነገረ ማንም አይቀየምም። በረመዳን ወር ደግሞ በጾመኛ ፊት አትብሉ።

5. ገንዘባችሁን በሳምንት ከፋፍላችሁ ያዙ። በመጀመሪያው ሳምንት የጨረሰ ሰው ቀሪውን ጊዜ የሚያሳልፈው በናፍቆት ብቻ ሳይሆን በረሃብም ነው።

6. ወደ ክፍል ስትገቡ ከኋላ ወንበር ያለውን ዝምተኛ ልጅ አስቀድማችሁ ፈልጉ። ምናልባት እንደ እናንተው አዲስ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ መምህር ሆነን ስንወጣ ዕድሜያችንን ሙሉ ከአገር አገር መዘዋወራችን አይቀርም። ስለዚህ እንግድነትን መልመድ የሙያችን አንድ ክፍል ነው። ያን ልጅ ያቆምንበትን ክፍለ ጊዜ ልንመልሰው አንችልም። ሌላ ልጅ በእናንተ እጅ እንዳይቆም ግን ይህን ጽፈናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ) ዝም ያለ ተማሪ ዝም ያለበትን ምክንያት በምን በምን መንገድ ማወቅ ይቻላል?
ለ) በተመደባችሁበት ከተማ በመጀመሪያው ቀን የምትጠይቋቸውን አምስት ነገሮች ዘርዝሩ።
ሐ) ከእናንተ ውስጥ ወደዚህች ከተማ ስትመጡ መጀመሪያ እጁን የዘረጋላችሁ ማን ነበር? እናንተስ ዘንድሮ ለአዲሶቹ ምን አደረጋችሁ?

መልካም የልምምድ ጊዜ!