ልጄን ቤት ላስተምር ወይስ ትምህርት ቤት ልላክ?

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ አሜሪካ የሚኖሩ ሐበሻ ሙስሊም ወላጆች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ልጄን ከመንግሥት ትምህርት ቤት አውጥቼ ቤት ውስጥ ላስተምረው ወይስ እዚያው ይቀጥል?» የሚል ነው። ከእናንተ መካከል ወላጅ የሆናችሁ አላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ግን ገና ናችሁ። ቢሆንም ጥያቄው እናንተንም ይመለከታል። ከትምህርት ቤት የመጣውን ደብዳቤ ለእማማ የምታነቡላት፣ መምህሩ ሲደውል የምታስተረጉሙላት እናንተ ናችሁ። ነገ ደግሞ ኢንሻአላህ ተራው የእናንተ ነው።

🔹 ስጋቱ ከየት መጣ?

ስጋቱ ባዶ አይደለም። አንድ ምሳሌ ብቻ እንውሰድ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ አካባቢ በታኅሣሥ ወር ዙህር እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ዐስር ደግሞ ከቀትር በኋላ 2፡30 አካባቢ ይደርሳል። ስለዚህ ልጁ ዙህርን በወቅቱ መስገድ የሚችለው ትምህርት ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ልጅ ደግሞ የጁምዓ ሰላት በየሳምንቱ ትምህርት ላይ ያገኘዋል። በዚህ ላይ በሒጃቧ የሚቀለድባት ልጅ አለች። ከቤቱ ቋንቋ እየራቀ፣ አያቱን በስልክ ማናገር ያቃተው ልጅ አለ። በክፍል የሚነበበው መጽሐፍ ቤት ከሚማረው ጋር የሚጋጭበትም አለ።

🔹 ዲናችን ምን አስቀመጠልን?

ልጅን ቤት ማስተማርም ሆነ ትምህርት ቤት መላክ በስሙ ተጠርቶ ግዴታ ወይም ሐራም የተባለ ነገር አይደለም። ወላጅ ላይ የተጣለው ኃላፊነት ግን ግልጽ ነው። በሱረቱ ተሕሪም 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናን ራሳቸውንና ቤተሰባቸውን ከእሳት እንዲጠብቁ አዟል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ እያንዳንዳችን እረኛ እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። ልጅ አማና ነው።

ይህን አማና ቀደምቶቻችን እንዴት ተወጡት? በበድር ዘመቻ፣ በ2ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ከተማረኩት ሙሽሪኮች መካከል መጻፍ የሚችሉ ነበሩ። የመዋጃ ገንዘብ ያልነበራቸው እያንዳንዳቸው 10 የመዲና ልጆችን ጽሕፈት አስተምረው እንዲለቀቁ መደረጉ በሲራ ተዘግቧል። አስተማሪዎቹ ሙስሊም አልነበሩም፤ ጽሕፈቱ ግን ጠቃሚ ነበር። ልጆቹም ትምህርታቸውን ጨርሰው የሚገቡት ሙእሚን ወላጆች ወዳሉበት ቤት፣ የሚሰግዱት ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሚያሰግዱበት መስጂድ ነበር።

ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ) ልጇን አነስን ገና በ10 ዓመቱ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያገለግል ሰጠችው። የኢማም ማሊክ እናት ልጇን አልብሳና ጥምጣሙን አስራ ወደ ረቢዓ ስትልከው፣ ከዕውቀቱ በፊት አደቡን እንዲማር እንዳዘዘችው ይወራል። በአገራችንም የወሎ ደረሶች ኪታብ ለመቅራት ከቤታቸው ርቀው ሸይኽ ዘንድ ይቀመጡ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ያበላቸው ነበር። እነዚህ ሁሉ ልጃቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል። ለማን እንደሚሰጡና ለምን እንደሚሰጡ ግን ያውቁ ነበር።

🔹 እስቲ ሰዓቱን እንቁጠረው

በዓመት 180 የትምህርት ቀን፣ በቀን 7 ሰዓት ብንል 1,260 ሰዓት ይሆናል። ዓመቱ በጠቅላላ 8,760 ሰዓት ነው። ልጁ በቀን 9 ሰዓት ቢተኛ ነቅቶ የሚያሳልፈው 5,475 ሰዓት ነው። ከዚህ ላይ የትምህርት ቤቱ ሲቀነስ 4,200 ሰዓት ያህል በእኛ እጅ ይቀራል። ትምህርት ቤቱ የያዘው ልጁ ነቅቶ ከሚያሳልፈው ጊዜ ሩብ እንኳ አይሞላም።

ታዲያ ያንን 4,200 ሰዓት ማን እያስተማረበት ነው? እኛ ካልሆንን ስልኩ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ቤት ቢቀመጥና ስልኩ እጁ ላይ ቢቀር፣ የቀየርነው ሕንጻውን ብቻ ነው።

የሱረቱ ሉቅማን ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ሉቅማን ልጁን ራሱ አነጋገረው። በአላህ እንዳያጋራ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ሥራ እንኳ ከአላህ እንደማትሰወር፣ ሰላት እንዲሰግድ፣ እንዲታገስ፣ በሰው ላይ እንዳይኮራ፣ ድምፁን ዝቅ እንዲያደርግ መከረው። ይህን ምክር ትምህርት ቤት አይሰጥልንም። ቤት የሚያስተምር ወላጅም ቢሆን ሒሳብና ሳይንስ ብቻ አስተምሮ ሊያልፈው ይችላል። ልጁ የትም ይማር የት፣ ይህ ንግግር ውክልና የለውም።

🔹 ከመወሰን በፊት አራት ጥያቄዎች

1. ከምን ሸሽተን ወደ ምን እየሄድን ነው?
ፍርሃት ብቻውን ፕሮግራም አይሆንም። «ከዚያ ይውጣልኝ» ያለ ወላጅ «ሰኞ ጠዋት ምን ይማራል? በማን? ከየትኛው መጽሐፍ?» ለሚለውም መልስ ይኑረው።

2. ሸክሙን ማን ይሸከማል?
ብዙ ጊዜ አባት ይወስንና እናት ትሸከማለች። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራ 233ኛው አንቀጽ ሕፃንን ጡት ማስጣል እንኳ በሁለቱ ወላጆች መዋደድና መመካከር እንዲሆን አድርጓል። ጡት ለማስጣል ሹራ ካስፈለገ ለዓመታት ትምህርትማ እንዴት አያስፈልግ! ማታ ሠርታ የገባች እናት ጠዋት አስተማሪ ሁኚ ስትባል ዐቅሟ ይታይላት።

3. ሕጉ ምን ይላል?
ልጅን ቤት ማስተማር በ50ውም የአሜሪካ ግዛቶች የተፈቀደ ነው፤ ደንቡ ግን ይለያያል። በቨርጂኒያ ወላጅ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 15 ያሳውቃል፣ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። በሜሪላንድ የልጁ ሥራ እየተሰበሰበ በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊታይ ይችላል። ጀርመንና ስዊድን ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድም። ዝም ብሎ ልጅን ማስቀረት ቤተሰቡን ከሕግ ጋር ያጋጫል።

4. ያለውን በር አንኳኩተናል?
በአሜሪካ ተማሪ በምሳና በዕረፍት ሰዓት በራሱ ፈቃድ መስገድ መብቱ ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ይሰጠን ብሎ ርእሰ መምህሩን መጠየቅ ነውር አይደለም። በሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ወላጆች፣ ሙስሊሞችና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተከታዮች ጭምር፣ ስለ ጾታና ተመሳሳይ ጾታ ጉዳይ የሚያወሱ የተረት መጻሕፍት ሲነበቡ ይነገረን፣ ልጆቻችንም ይውጡ ብለው ጠየቁ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱም በጁን 27 ቀን 2025፣ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ለወላጆቹ አስቀድሞ እንዲነገራቸውና ልጆቻቸው እንዲወጡ ወሰነ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት እያሉም ወላጆች የሚሉት ተሰሚ ሊሆን ይችላል።

🔹 ታዲያ የቱ ይሻላል?

ጊዜ፣ ዕውቀትና አጋዥ ላለው፣ ልጁም ከእኩዮቹ ጋር በመስጂድና በሌሎች ቤተሰቦች ዘንድ ለሚገናኝበት ቤት፣ ቤት ማስተማር መልካም መንገድ ነው። ሒፍዝ ለጀመረ ልጅ፣ ወይም በትምህርት ቤት ለተጎዳና መፍትሔ ላላገኘ ልጅ እፎይታ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የወሰኑትን «ልጃቸውን ደበቁት» ማለት አይገባም።

ሁለቱም ወላጆች ፈረቃ ለሚሠሩበት፣ ቀን ቤቱ ጭር ለሚልበት ቤተሰብ ግን፣ በእኔ እይታ ትምህርት ቤቱ ይሻላል፤ መግሪብ ላይ አብሮ የሚሰግድ፣ እራት ላይ ስልኩን አስቀምጦ «ዛሬ ምን ገጠመህ?» ብሎ የሚያዳምጥ ወላጅ ካለበት። እንዲህ የወሰኑትንም «ልጃቸውን ለዱንያ ሸጡት» ማለት አይገባም።

🔹 ለእናንተ ለወጣቶቹ

ወላጆቻችሁ ያንን ትምህርት ቤት ከውጭ ነው የሚያዩት፤ እናንተ ከውስጥ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ሲጠይቋችሁ እውነቱን ንገሯቸው። ክፉውን ደብቃችሁ አታታልሏቸው፤ አጋንናችሁም አታስፈራሯቸው። በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር አድርጉ። ታናሻችሁ ዙህርን የት እንደሚሰግድ ጠይቁት፤ ቦታ ከሌለው ከወላጅ ጋር ሆናችሁ ትምህርት ቤቱን አናግሩለት። አንድ ምሽት የቤት ሥራውን አግዙትና እማማን አሳርፏት። ቤተሰባችሁ በውሳኔ ላይ ካለ ደግሞ ኢስቲኻራ እንዲሰግዱ አስታውሷቸው፤ ልጁም ይጠየቅ፣ ኑሮው የእሱ ነውና።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ የወላጆቻችንን ድካም ይቀበልልን፤ በምንወስነው ሁሉ ኸይሩን ይምረጥልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።