ከአየር የሚለካ የከተማ ለውጥ

በዚህ ትምህርታችን ከአውሮፕላን በሚላክ የሌዘር ብርሃን የከተማ ለውጥ እንዴት እንደሚለይ እንመለከታለን። መሣሪያው በየሰከንዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጨረሮችን ወደ ምድር ይልካል፤ ብርሃኑ ደርሶ ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ የጣሪያው፣ የዛፉና የመሬቱ ከፍታ ይሰላል። ከምድሯ ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች የሆነባት ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ መላ አገሯን በዚህ መንገድ ደጋግማ ለክታለች።

የቀደመው ልኬት ከኋለኛው ሲቀነስ ልዩነት የታየበት ቦታ ሁሉ የተለወጠ ይመስላል። ሆኖም ያደገ ዛፍ ወይም የቆመ የጭነት መኪናም ልዩነት ያሳያል። ዛፉን መለየት ብዙም አያስቸግርም፤ ከአንዱ ጨረር ከፊሉ ከቅጠሉ፣ ከፊሉ ከመሬቱ ይመለሳልና። ጣሪያ ግን ብርሃን አያሳልፍም።

ከሁሉ የሚከፋው መከለል ነው። ጨረሩ ወደ ጎን አዘንብሎ ሲወርድ ረጅሙ ሕንፃ ከጀርባው ያለውን አነስተኛ ቤት ይሸፍነዋል፤ በሌላ በረራ ቤቱ ሲታይ አዲስ የተሠራ ይመስላል። ዕድሜውን ሁሉ የኖረበትን ሰው «ያለ ፈቃድ ሠራህ» ብሎ መክሰስ ታላቅ በደል ነው። ስለዚህ በአንደኛው ልኬት ብርሃን ያልደረሰበት ስፍራ «ተለወጠ» ወይም «አልተለወጠም» ሳይባል «አልታወቀም» ተብሎ ሊመዘገብ ይገባል፤ ሰው በእግሩ ሄዶ እስኪያየው ድረስ።