የተሸናፊው ስፍራ፦ የ1909 ዓ.ም. የመሪ ምርጫ በኢትዮጵያና በአሜሪካ

በ1909 ዓ.ም. መባቻ፣ በስድስት ሳምንታት ልዩነት፣ ኢትዮጵያና አሜሪካ የበላይ መሪያቸውን ለይተዋል። መስከረም 17 ቀን አዲስ አበባ የተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ልጅ ኢያሱን ሽረው ወይዘሮ ዘውዲቱን ለንግሥተ ነገሥታትነት፣ ተፈሪ መኮንንን ለአልጋ ወራሽነት መረጡ። ጥቅምት 28 ቀን (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1916) ደግሞ አሜሪካውያን ውድሮው ዊልሰንንና ቻርልስ ኢቫንስ ሂዩዝን አወዳደሩ። ሁለቱን ክንውኖች ጎን ለጎን ማቆም ያልተለመደ ነው፤ ሆኖም ከአሸናፊዎቹ ይልቅ ተሸናፊዎቹን ለሚከታተል ተመራማሪ ንጽጽሩ ፍሬ አለው።

የአሜሪካው ውጤት እጅግ የተቀራረበ ነበር። ዊልሰን 277፣ ሂዩዝ 254 የወኪል መራጮችን ድምፅ አገኙ። የካሊፎርኒያ 13 ድምፆች ወደ ሂዩዝ ቢዞሩ ኖሮ አሸናፊው ሂዩዝ በሆኑ ነበር፤ በዚያ ግዛት የነበረው ልዩነት ግን ከአራት ሺህ ሕዝባዊ ድምፅ ያነሰ ነው። በአዲስ አበባ ግን የተቆጠረ ድምፅ አልነበረም። ወሳኙ ጉዳይ መኳንንቱ ለኢያሱ የገቡት ቃለ መሐላ ሲሆን፣ ከዚህ የፈቷቸው አቡነ ማቴዎስ ናቸው። ውሳኔው የጸናውም ንጉሥ ሚካኤል ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ድል ከሆኑ በኋላ ነው፤ ይህም ከአሜሪካው ምርጫ 11 ቀናት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

የደብረ ታቦር ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የዘውዲቱ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ነበሩ። ባለቤታቸው ስትነግሥ እርሳቸው ከቤተ መንግሥቱ ተለይተው እንዲኖሩ ተደረገ፤ መቀመጫቸውም ደብረ ታቦር፣ ግዛታቸውም ቤጌምድር ሆነ። ይህ ተራ ግዞት አልነበረም። ደብረ ታቦር በዘመነ መሳፍንት የየጁ ራሶች መናገሻ የነበረች፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛም የተቀመጡባት ከተማ ናት። ከሥልጣን ማዕከል የተገፋን መኳንንት የራሱ የሥልጣን ትዝታ፣ ግብርና ጦር ባለው ደጋ ላይ ማስቀመጥ፣ በእኔ ግምት፣ ግጭቱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንጂ መፍታት አልነበረም።

ሂዩዝ ሽንፈታቸውን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ያህል ቢወስድባቸውም በመጨረሻ ለዊልሰን የደስታ መግለጫ ቴሌግራም ላኩ። በ1921 እ.ኤ.አ. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በፌብሩዋሪ 1930 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከዚህ ሹመት ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦርነት ወደቁ። ከማዕከላዊው መንግሥት የዘመቱባቸው የጦር ሚኒስትሩ ሙሉጌታ ይገዙ ሲሆኑ፣ አውሮፕላኖችም በሠራዊታቸው ላይ በራሪ ጽሑፍና ቦምብ ጥለዋል። ንግሥት ዘውዲቱ ከሁለት ቀን በኋላ ዐረፉ።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱን ሥርዓት ሕዝባዊ፣ ሌላውን ኋላ ቀር ብሎ መደምደም ችኮላ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. በደቡባዊ ግዛቶች አብዛኞቹ ጥቁር ዜጎች በግብርና በንባብ ፈተና ሰበብ ከምርጫ ታግደው ነበር፤ ሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥት የተረጋገጠላቸው ዘውዲቱ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፣ በ1920 እ.ኤ.አ. ነው። ልዩነቱ ያለው በመራጮች ብዛት ብቻ ሳይሆን ተሸናፊው ወገን ጦር ሳይዝ የሚቆይበት ሕጋዊ ስፍራ በመኖሩ ወይም ባለመኖሩ ላይ ነው። ሂዩዝ ፓርቲ፣ የጥብቅና ሙያና ቀጣይ ምርጫ ነበራቸው። ራስ ጉግሣ የነበራቸው የቤጌምድር ሠራዊት ነው።