ቀድሞ የሠራና ተከታይ ያፈራ፤ ስለ ኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ደራስያን አጭር ጥናት

በዚህ ዓመት በክፍላችን ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ተማሪውን ይበልጥ ያሟሟቀው «በኤሌክትሪክ መሣሪያ ብቻ የሚሠራ ሙዚቃ ደራሲ አለውን ወይስ የለውም?» የሚለው ነበር። አንደኛው ወገን፤ «ቁልፍ የሚጫን ሰው ሠራተኛ ይባል እንደ ሆነ እንጂ ደራሲ አይባልም፤ ከበሮውን የሚመታው ማሽኑ ነውና» ሲል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ፤ «መጽሐፍስ የሚታተመው በማተሚያ መኪና አይደለምን?» ብሎ መለሰ። ክርክሩ መቋጫ ሳያገኝ ደወል ተደወለ። እኔም ነገሩ እንዲሁ ተድበስብሶ እንዳይቀር፤ ይህን ዓይነት ሙዚቃ አስቀድመው የሠሩት እነማን እንደ ሆኑ፤ ከእነርሱም መካከል አዲስ ነገር ያመጣው ማን እንደ ሆነ መርምሬ ያገኘሁትን ለመጽሔታችን አንባቢዎች አቀርባለሁ። የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። በዚህ ሙያ «ፕሮዲውሰር» የሚባለው ሰው የግድ ዘፋኝ አይደለም፤ ገንዘብ አውጥቶ ሸክላ የሚያሳትም ነጋዴም ላይሆን ይችላል። ዜማውን ያስባል፤ የከበሮውን ምት በመሣሪያው ላይ ደርድሮ ያስገባል፤ ቤዝ የሚባለውን ወፍራም ድምፅ ይመርጣል፤ ከዚያም ሁሉንም ቀድቶ፤ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርጎ፤ ለአድማጭ የሚደርሰውን ሥራ ያወጣል። በቀድሞው ልማድ ለዜማ ደራሲ፤ ለአቀናባሪ፤ ለከበሮ መቺና ለድምፅ ቀጂ ተከፋፍሎ የነበረውን ሥራ ዛሬ አንድ ሰው በመኝታ ክፍሉ ሊጨርሰው ይችላል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ደራሲ የምለው ይህንኑ ሰው ነው። የአማርኛ መምህራችን ቃሉን ላይወዱት ይችላሉ፤ የተሻለ ግን አላገኘሁም።

የነገሩ አንደኛው ሥር የሚገኘው በጀርመን አገር ነው። በ1970 በዱሰልዶርፍ ከተማ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር የተባሉ ሁለት ሰዎች ክራፍትቨርክ የተባለውን የሙዚቃ ጓድ አቋቋሙ፤ ትርጓሜው የኃይል ማመንጫ ማለት ነው። በ1974 «አውቶባን» በተባለው ሥራቸው የመኪናን፤ በ1977 ደግሞ የባቡርን ጉዞ በመሣሪያ ድምፅ አሰሙ። በዚያው በ1977 ጆርጆ ሞሮደር የተባለ ኢጣልያዊ በሙኒክ ከተማ ከእንግሊዛዊው ከፒት ቤሎትና ከአሜሪካዊቷ ዘፋኝ ከዶና ሰመር ጋር ሆኖ «አይ ፊል ላቭ» የተባለውን ዘፈን አወጣ። በዚህ ዘፈን ውስጥ ከዘፋኟ ድምፅና አንድ ሰው በእግሩ ከሚመታው ትልቅ ከበሮ በቀር፤ የሚሰማው ሁሉ ሙግ ከሚባለው ሲንተሳይዘር የወጣ ነው። መሣሪያው ቅኝቱ እየሸሸ ያስቸግር ስለ ነበረ፤ ጥቂት እየቀዱ፤ ቆም ብለው ደግሞ እየቃኙ ነበር የሠሩት። «ማሽን ከሆነማ ምን ድካም አለው?» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው።

ከጀርመን ወደ አሜሪካ ብንሻገር፤ ያን ጊዜ ዲስኮ የሚባለው የዳንስ ሙዚቃ እጅግ ተስፋፍቶ፤ ጥላቻም ተነሥቶበት እናገኛለን። ጁላይ 12 ቀን 1979 በቺካጎ ከተማ ኮሚስኪ ፓርክ በተባለው የቤዝቦል ሜዳ፤ በሁለት ግጥሚያዎች መካከል፤ በትልቅ ሣጥን የታጨቁ የዲስኮ ሸክላዎች ሕዝብ እያየ በፈንጂ ተበታተኑ። ትርኢቱን ያሰናዳው አንድ የራዲዮ አቅራቢ ሲሆን፤ የሚፈነዳ ሸክላ ይዞ የመጣ ተመልካች በ98 ሳንቲም ብቻ ይገባ ነበር። ሕዝቡ ወደ ሜዳው ስለ ጎረፈ ሁለተኛው ግጥሚያ ሳይደረግ ቀረ። በዚያ ምሽት ቪንስ ሎረንስ የተባለ አንድ ጥቁር ወጣት ለተመልካች መቀመጫ እያሳየ በስቴዲየሙ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ገንዘብ የሚያጠራቅመውም ሲንተሳይዘር ለመግዛት ነበር። እርሱ በኋላ እንደ ተናገረው፤ ሰዎቹ ለማስፈንዳት ይዘዋቸው ከመጡት ሸክላዎች መካከል ዲስኮ ያልሆኑ፤ ነገር ግን ጥቁሮች የዘፈኗቸው ብዙ ነበሩ። ነገሩ የሙዚቃ ጠብ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታያል።

ታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ከዚህ በኋላ ከዲስኮ ፊታቸውን እያዞሩ ሄዱ። ለዳንስ ቤቶቹ የሚሆን አዲስ ሥራ ሲያንስ፤ የቺካጎ ወጣቶች ብዙ ቫዮሊንና ጡሩምባ የሚያሰልፉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው፤ ያገለገሉ ርካሽ የኤሌክትሪክ ከበሮዎችን እየገዙ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ያ መቀመጫ አሳላፊ የነበረው ሎረንስም በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ሆኖ «ኦን ኤንድ ኦን» የተባለውን ሸክላ አወጣ፤ አያሌ ጸሐፊዎች የሃውስ ሙዚቃ የመጀመሪያው ሸክላ ይህ ነው ይላሉ። ሃውስ የሚለው ስም የመጣው «ዌርሃውስ» ከተባለው የቺካጎ ዳንስ ቤት ነው። በዚያ ከ1977 ጀምሮ ሸክላ ያጫውት የነበረው የኒውዮርክ ተወላጅ ፍራንኪ ናክልስ፤ ዘፈንን እንዳለ ማጫወት አልበቃው ብሎ ቴፕ እየቆረጠና እየቀጠለ ያስረዝመው ነበር። የሃውስ ትልቁ ከበሮ በአራቱም ምት ላይ፤ እንደ ሰልፈኛ እግር፤ ሳያቋርጥ ይመታል፤ ፍጥነቱም በደቂቃ 120 ምት አካባቢ ነው። የቺካጎ ከተማ በ2004 ዳንስ ቤቱ ይገኝበት ለነበረው መንገድ የናክልስን ስም ሰጥታለች፤ እርሱም በ2014 አረፈ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ፤ ይኸውም ቲ ቢ 303 ስለምትባለው ትንሽ የብር መልክ ያላት መሣሪያ ነው። ይህችን መሣሪያ በጃፓን አገር ለሮላንድ ኩባንያ የነደፈው ታዳኦ ኪኩሞቶ የተባለ መሐንዲስ ሲሆን፤ ዓላማውም ብቻውን ጊታር የሚለማመድ ሰው ቤዝ የሚያጅበው ጓደኛ እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን ሁለት ጉድለት ነበረባት። አንደኛ፤ ድምፅዋ የእውነተኛውን ቤዝ ጊታር አይመስልም። ሁለተኛ፤ ዜማ ለማስገባት የድምፁን ከፍታ ለብቻ፤ ርዝመቱንና ዕረፍቱን ደግሞ ለብቻ መጻፍ ስለሚያስፈልግ አሠራርዋ ያደናግራል። ባትሪዋም ከወጣ የተጻፈባት ዜማ ይጠፋና በምትኩ ማንም ያልጻፈው የተዘበራረቀ ድምፅ ይገኝባታል። ስለዚህ 10,000 ያህል ብቻ ተሠርታ በ1984 ቀረች፤ የተሠሩትም በአሮጌ ዕቃ ሱቆች በርካሽ ይሸጡ ጀመር።

በዚህች በተናቀች መሣሪያ በመጀመሪያ የዳንስ ሙዚቃ ከሠሩት አንዱ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ አልነበረም። ቻራንጂት ሲንግ የተባለ በህንድ አገር በቦምቤይ ከተማ ለፊልም ሙዚቃ የሚጫወት ሰው፤ በ1982 በዲስኮ ምት የታጀቡ አሥር ራጋዎችን የያዘ ሸክላ አወጣ። ራጋ የሚባለው የህንድ ጥንታዊ የዜማ ሥርዓት ነው፤ በራጋ ዜማ ውስጥ ድምፅ ከድምፅ እየተንሸራተተ ይሄዳልና፤ ቲ ቢ 303 ደግሞ ድምፅን ከድምፅ ማንሸራተት ስለምትችል እጅግ ተስማማችው። ከእርስዋም ጋር ቲ አር 808 የተባለውን የኤሌክትሪክ ከበሮ አጣመረ። ሆኖም ሸክላው ገዢ አላገኘም፤ እንደገና ታትሞ በዓለም እስኪደነቅ ድረስ 28 ዓመት ቆይቶ 2010 ደረሰ። ሲንግ ይህን ለማየት በቅቷል፤ የሞተው በ2015 ነው።

ከሲንግ ሸክላ ጥቂት ዓመት በኋላ፤ የእርሱን ሥራ ሰምተዋል የሚያሰኝ ምንም ነገር የሌላቸው ሦስት የቺካጎ ወጣቶች፤ ዲጄ ፒየር፤ ስፓንኪና ኸርብ ጄይ፤ ፉቸር የተባለውን ጓድ አቋቁመው ያችኑ መሣሪያ ከአሮጌ ዕቃ ገዙ። አሠራርዋን የሚያስረዳ መጽሐፍ አልነበራቸውም። ከበሮውን አስነሥተው መሣሪያዋ የያዘችውን የተዘበራረቀ ድምፅ ስታሰማ፤ ዲጄ ፒየር ዜማውን ማስተካከሉን ትቶ፤ የድምፁን ጥራት የሚለውጡትን በጣት የሚዞሩ ቁልፎች ወዲያና ወዲህ ያዞር ጀመር። ድምፁም እንደሚጮህ፤ እንደሚያፏጭ፤ ውሃም ውስጥ ገብቶ እንደሚንቦጫረቅ ሆነ። ቴፑን «ሚዩዚክ ቦክስ» በተባለው ዳንስ ቤት ለሚያጫውተው ለሮን ሃርዲ ሰጡት። ዲጄ ፒየር እንደሚተርከው፤ ሃርዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሰማው ሰው ሁሉ መድረኩን ትቶ ሄደ፤ በዚያው ሌሊት ደግሞ ደጋግሞ አሰማው፤ በአራተኛው ጊዜ ጨፋሪው በደስታ ሊያብድ ደረሰ። ስምም ያወጣለት ሕዝቡ ነው። በ1987 «አሲድ ትራክስ» ተብሎ በሸክላ ታተመ፤ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ የብዙ ሺህ ወጣቶች ጭፈራ ሆነ።

እንግዲህ ፊተኛው ማን ነው? በዘመን ቆጠራ ሲንግ በአምስት ዓመት ይቀድማል፤ ይህን ክብር የሚነሳው የለም። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱ የሠሩት አንድ ነገር አይደለም። ሲንግ በልቡ የነበረውን የአባቶቹን ዜማ ለመሣሪያዋ አስተማራት፤ መሣሪያዋም ታዛዥ ሆነችለት። የቺካጎዎቹ ግን መሣሪያዋ ማንም የማያውቀውን እንድትናገር ፈቀዱላት፤ ከሚሰማውም ውስጥ መልካሙን መርጠው ያዙ። መምረጥም ድርሰት ነው። ደግሞም ሮን ሃርዲ ከመጀመሪያው ጊዜ በኋላ ቴፑን ቢወረውረው ኖሮ፤ የሦስቱ ወጣቶች ዕጣ እንደ ሲንግ በሆነ ነበር። ስለዚህ ተከታይ ለማፍራት የደራሲው ችሎታ ብቻውን አይበቃም፤ አራት ጊዜ የሚያሰማለትም ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ ዲትሮይት ሳልጽፍ ባልፍ የክፍል ጓደኞቼ ይወቅሱኛል። ሁዋን አትኪንስ፤ ደሪክ ሜይና ኬቪን ሳንደርሰን የተባሉት ሦስት ጥቁር ወጣቶች፤ ከዲትሮይት ወጣ ብላ በምትገኘው በቤልቪል የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ታላቃቸው አትኪንስ በ1981 ከሪክ ዴቪስ ጋር «ሳይቦትሮን» በሚል ስም የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያወጣ ዕድሜው ገና 20 ዓመት አልሞላም ነበር። የክራፍትቨርክን ቀዝቃዛ ድምፅ ከጥቁሮች የፈንክ ምት ጋር ያጋጠመ፤ ከአልቪን ቶፍለር መጽሐፍም «ቴክኖ» የሚለውን ቃል ያገኘ እርሱ ነው። ሜይ በ1987 «ስትሪንግስ ኦፍ ላይፍ» የተባለውን ሥራ ያለ ቤዝ፤ በፒያኖና በክር መሣሪያ ድምፅ ብቻ አስጨፈረበት፤ ቤዝ የሌለው የዳንስ ሙዚቃ ማለት ምሰሶ የሌለው ቤት ማለት ነውና እጅግ ደፋር ነገር ነበር። የሳንደርሰን «ቢግ ፋን» ደግሞ በ1988 ወጥቶ በእንግሊዝ ገበያ ገነነ። ሁለቱ ከተሞችም ይረዳዱ ነበር፤ ናክልስ በቺካጎ የተጠቀመበትን ቲ አር 909 የተባለ የኤሌክትሪክ ከበሮ የሸጠለት የዲትሮይቱ ሜይ ነው።

ወላጆች የሚጠይቁት ጥያቄ ደግሞ አለ፤ «ከዚህ ሥራ ምን አገኙ?» የሚል ነው። መልሱ ደስ አያሰኝም። ላሪ ኸርድ በፊት ከበሮ መቺ የነበረ የቺካጎ ሰው ሲሆን፤ በ1986 በጥቂት መሣሪያዎች ብቻ የሠራው «ካን ዩ ፊል ኢት» እስከ ዛሬ ድረስ ከሃውስ ሥራዎች ሁሉ ልስልሱና ጥልቁ ነው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ የምሰማው እርሱን ነው። ነገር ግን ኸርድና ዘፋኙ ሮበርት ኦወንስ በወጣትነታቸው የሠሯቸው ዘፈኖች ዓለምን ሲዞሩ የሚገባን ክፍያ አልደረሰንም በማለት በ2020 ሸክላውን ያሳተመውን ኩባንያ ከሰሱ። ነገሩ በ2022 በስምምነት አለቀ፤ ዘፈኖቻቸውም ወደ እጃቸው ተመለሱ። ኸርድ ሥራውን በሠራ ጊዜ 26 ዓመቱ ነበር፤ ሲመለስለት ከ60 አልፏል። መሣሪያውን የሠራው ፋብሪካ ግን ዘፈኑ የእኔ ነው ብሎ አልተከራከረም።

ነገሩ ወደ አገራችንም ደርሷል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 «ዘላለም» በተባለው ሥራው፤ ሮፍናን ኑሪም በ2018 «ነጸብራቅ» በተባለው አልበሙ፤ የኢትዮጵያን ዜማና የባህል መሣሪያ ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር አጋጥመው አሰምተውናል። ስለ እነዚህ የሚጻፈው ራሱን የቻለ ጥናት ስለሚሆን ለሚቀጥለው ዓመት አዘጋጅ ትቼዋለሁ።

ስለ ሲንግና ስለ ፉቸር የሰጠሁትን አስተያየት ለመመርመር የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱን ሸክላዎች አከታትሎ ይስማ። ከሲንግ ይጀምር፤ ጆሮው ዜማውን ተከትሎ ሲሄድ ያገኘዋል። ወደ «አሲድ ትራክስ» ሲያልፍ ዜማውን ትቶ ድምፁ ሲለዋወጥ ብቻ ያዳምጥ፤ የዲጄ ፒየር ጣት ቁልፉን ሲያዞር የሚሰማው በዚያ ነው። ሥራው ከ10 ደቂቃ በላይ ስለሚወስድ ግን፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ቢሆን ይሻላል።