የዶላሩ ደንብ ተቀየረ፤ የኮምቦልቻ ማሾ ዋጋ እንዴት ይሰላል?

ዛሬ የዕለቱን ዋጋ ለጊዜው ልተወውና አንድ ትምህርት ላቅርብ። ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶላር በዚህ ሁሉ ሲጨምር ማሾ ለምን በዚያው ልክ አይጨምርም?» ላኪው ስለበላው ነው የሚሉ አሉ። መልሱን ግን ደንቡ ውስጥ ፈልጉት። በቁጥር እንሂድ። ከታች የማሾ ዋጋ፣ ወጪና ወለድ ብዬ የምጽፋቸው ለማስተማሪያ የያዝኳቸው ናቸው፤ የዛሬ ዋጋ አይደሉም።

1. ድሮ እንዴት ነበር?

እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ተመኑን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነበር። በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ መሠረት ላኪው ካመጣው ዶላር 70 በመቶው ለብሔራዊ ባንክ፣ 10 በመቶው ለራሱ ባንክ ይሄዳል፤ ለላኪው የምትቀረው 20 በመቶ ናት። ዶላር በወረፋ እንኳን በማይገኝበት ጊዜ ያቺ 20 በመቶ ወርቅ ነበረች። ጎማ፣ ብረት፣ መለዋወጫ ታስመጣለች።

አንድ ቶን ማሾ ጅቡቲ ላይ 1,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። በ57 ብር ሲመነዘር 57,000 ብር፣ በኩንታል 5,700 ብር ነው። የትራንስፖርት፣ የማበጠሪያ፣ የጆንያና የባንክ ወጪ 700 ብር ቢቀነስ ኮምቦልቻ ላይ ሊከፈል የሚችለው 5,000 ብር ነው። ላኪው ግን 5,800 ይከፍል ነበር። አብዷል? አላበደም። በኩንታል 800፣ በቶን 8,000 ብር ከስሮ 200 ዶላር እጁ ላይ ቀረ። 8,000 ለ200 ሲካፈል 40 ብር ይመጣል። ዶላሯን በ97 ብር ገዛት ማለት ነው። ኪሳራውን በሚያስመጣው ዕቃ ላይ ያወራርደዋል።

ስለዚህ የሐርቡ ገበሬ ካየው 5,800 ብር ውስጥ 5,000ው የማሾ ዋጋ ነው፤ 800ው የዶላር ወረፋ ዋጋ ነው። ለገበሬው ጥሩ ይመስላል። ግን ዕቃ የማያስመጣ ላኪ፣ በተለይ የገበሬዎች ዩኒየን፣ በዚህ ጨዋታ መወዳደር አይችልም። ማሾ ልኮ ከማሾ ብቻ ላትርፍ ያለ ሰው ከገበያ ወጣ። ሒሳቡን በብረት የሚያወራርድ ነጋዴ ደግሞ ስለ ጥራትም ሆነ ውጭ ስለሚሸጥበት ዋጋ ብዙም አይጨነቅም።

2. ምን ተቀየረ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ኤፍኤክስዲ/01/2024ን አወጣ። ተመኑ ባንኮችና ደንበኞቻቸው በሚደራደሩበት ዋጋ ሆነ። ለብሔራዊ ባንክ ማስረከብ ቀረ፤ ላኪው 50 በመቶውን እንዲይዝ፣ ቀሪውን ለባንኩ በገበያ ዋጋ እንዲሸጥ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ የንግድ ባንክ ተመን ከ57 ብር ገደማ ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ።

አሁን ያንኑ ቶን ለምሳሌ በ130 ብር አስሉት። በኩንታል 13,000 ብር ነው። ነዳጁም ጎማውም አብሮ ስለተወደደ ወጪው 1,500 ቢሆን 11,500 ብር ይቀራል። ዶላሩ 128 በመቶ ሲጨምር ማሾው ከ5,800 ወደ 11,500፣ ማለትም 98 በመቶ ጨመረ። የጥያቄው መልስ ይሄ ነው፦ የወረፋዋ 800 ብር ወጣች፣ ወጪውም አደገ።

3. አሁን የመዘግየት ዕዳ ማን ላይ ያርፋል?

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። ድሮ የቢሮክራሲውን ወጪ የአስመጪነት ትርፍ ይሸፍነው ነበር። አሁን የሚሸፍን የለም። እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን ወርዶ ወርዶ ገበሬው ከሚያገኘው ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

ባለፈው ዓመት ወደ ጅቡቲ ያስጫንኩት 400 ኩንታል በአንድ ማኅተም ጉድለት ዘጠኝ ቀን ቆመ። ወለዱን 18 በመቶ አድርጉትና አስሉ፤ 11,500 ብር የተከፈለበት ኩንታል በቀን 5 ብር ከ67 ሳንቲም ይበላል። በዘጠኝ ቀን 51 ብር፣ በመኪናው 20,400 ብር ነው። የተሳቢው የቆመበት ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

ሌሎች ማሻሻያዎችም መጥተዋል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአዋጅ 1243/2013 ተተካ። በ2016 የወጣ መመሪያ ደግሞ ቡና፣ የቅባት እህልና ጥራጥሬ መላክን ለውጭ ባለሀብት ከፈተ። ጥሩ ነው። ግን የሳሎኑ እድሳት ጓዳ አልደረሰም። የዓለም ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ ኢትዮጵያን ከ190 አገሮች 159ኛ ሲያደርጋት እንኳ የለካው አዲስ አበባን ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ እስኪደርስ መኪናው ስንት ቀን እንደሚቆም በዚያ ደረጃ ውስጥ የለም።

የብድሩም ነገር አለ። ዋጋ ንረትን ለማርገብ ሲባል ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ተገደበ፤ በኋላ ወደ 18 ከፍ አለ። ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት ላኪው ብድር ካጣ ገዢ ይሳሳል፤ ዶላሩ ምንም ቢወደድ ዋጋው ይወርዳል።

4. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ላኪዎች፦ ጎረቤት የሰጠውን ዋጋ ተከትላችሁ አትግዙ። ከዶላሩ ጀምራችሁ ወደ ታች አስሉ። በኪሳራ ገዝቶ በዕቃ የማወራረዱ ዘመን አልፏል።

ነጋዴዎች፦ ዶላር ይጨምራል ብላችሁ መጋዘን ከማስገባታችሁ በፊት ወለዱን ቁጠሩ። ከላይ ባለው ስሌት 90 ቀን መያዝ በኩንታል 510 ብር ያስወጣል። ዋጋው ከ12,010 ብር ካላለፈ የለፋችሁት ለባንኩ ነው።

ዩኒየኖች፦ ሜዳው ለእናንተ ተመችቷል። አሁን የሚያሸንፈው በአነስተኛ ወጪ ንጹሕ ማሾ የሚያቀርብ ነው። የእያንዳንዱን ጭነት ቀንና ብር መዝግቡ፤ የት ቆመ፣ ስንት ቀን፣ በምን ምክንያት።

ይሄ መዝገብ ለአቤቱታም ይሆናል። ደሴ ላይ ስብሰባ ተጠርቶ «ቢሮክራሲ በዛብን» ስንል ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይወጣል። «ዘጠኝ ቀን፣ 20,400 ብር፣ በአንድ ማኅተም» ስንል ግን የትኛው ደንብ እንደሚስተካከል በግልጽ ይታወቃል።

የራሳችሁን ወጪ በዚህ መንገድ አስሉና ያልገባችሁን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ነገ ወደ ዋጋው እንመለሳለን። መልካም ገበያ!