ማይናና ቀበሮ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጠያቂ፦ አባባ፣ እዚህ እስራኤል፣ በሰፈራችን በሺኩን ቫቲኪም፣ ማይና የምትባለው ወፍ ስታዜም የሚከፋው ሰው የለም፤ ቀበሮ ታየ ሲባል ግን ሁሉ ይደነግጣል። እርስዎ ታዲያ ይበልጥ የምታሰጋው ማይና ናት የሚሉት ለምንድን ነው?

አዛውንት፦ ልጄ፣ እንስሳን በጥርሱ ወይም በዜማው ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ላይ በሚያደርሰው መዝነው። ቀበሮ የዚህ ምድር ተወላጅ ነው። አይጥ፣ ጥንዚዛ፣ የወደቀ ፍሬና ጥንብ እየበላ ይኖራል፤ አይጡም ከእሱ መሸሸግን ካወቀበት ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። ማይና ግን የደቡብ እስያ ወፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በቴል አቪቭ ያርኮን ፓርክ አካባቢ ተይዛ ከነበረችበት አምልጣ ተራባች፤ ዛሬ አገሩን አዳርሳለች። የምትፈለፍለው በዛፍ ቀዳዳና በግድግዳ ስንጥቅ ነው፤ ያ ደግሞ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ድንቢጥንና ሌሎች ቀዳዳ ፈላጊ ወፎችን በኃይል ታስለቅቃለች።

ጠያቂ፦ ቀበሮስ ጫጩት ይበላ የለም? የእብድ ውሻ በሽታም ያስተላልፋል።

አዛውንት፦ እውነት ነው። ዶሮን ማታ መዝጋት ያስፈልጋል፤ ለበሽታውም መንግሥት ክትባት ያለበት ምግብ በየሜዳው ይበትናል። ቀበሮ በየትም ቦታ አይጎዳም ማለቴም አይደለም። አውሮፓውያን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአደን ብለው ወደ አውስትራሊያ ወሰዱት፤ በዚያም እንዲህ ያለ አዳኝ አይተው የማያውቁ ትንንሽ እንስሳትን ፈጀ። ማይናም በትውልድ አገሯ ነፍሳት እየለቀመች ከጎረቤቶቿ ጋር ተመጣጥና ትኖራለች። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ባለሙያዎች ባወጡት የ100 ወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም አሉ። ጉዳቱ የሚመጣው መከላከልን ካልለመዱ ጎረቤቶች ጋር ሰው በድንገት ሲያገናኛቸው ነው።

ጠያቂ፦ ይህ አነጋገር ያሳስበኛል። ከውጭ የመጣ ጎጂ ከሆነ፣ ከኢትዮጵያ የመጣነው እኛስ?

አዛውንት፦ የወፍ ነገር ለሰው መመዘኛ አይሆንም። ሰው ሁሉ አንድ ዝርያ ነው፤ ቋንቋ ይማራል፣ ከጎረቤቱ ጋር ሕግ ያወጣል፣ ቦታ ይካፈላል። ደግሞም መምጣት ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ በርበሬ ከአሜሪካ ምድር መጥቶ የወጣችን ማጣፈጫ ሆኗል። መመዘኛው በማስረጃ የታየ ጉዳት ነው። ማይናንም መጥላት አይገባም፤ ከአገሯ ያመጣት ሰው ነውና ኃላፊነቱም የሰው ነው። የቆሻሻ ገንዳውን እንክደን፣ ምግብ በየደጁ አንበትን፣ የቤት ወፍ ወደ ሜዳ አንልቀቅ፤ ቀበሮውንም ሳናባብል ሳናሳድድ በመንገዱ እንተወው።